ክርክር፦ የዊልቸር ራግቢ ፌዴሬሽን በጀቱን ከብሔራዊ ቡድኑ ይጀምር ወይስ ከክለቦች?

አወያይ፦
አንድ ብሔራዊ ፌዴሬሽን ዊልቸር ራግቢን ከጀማሪ እስከ ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) ደረጃ የማሳደግ ኃላፊነት ቢሰጠው፣ ውስን ገንዘቡን አስቀድሞ ሜዳሊያ ለሚጠበቅበት ቡድን ያውል ወይስ ተጫዋች ለሚፈራባቸው ክለቦች? ስፖርቱን ለማያውቁ አባላት ያህል፣ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካናዳ ዊኒፔግ የተፈጠረ ሲሆን፣ የፈጠሩትም እግራቸው ብቻ ሳይሆን እጃቸውም በመጎዳቱ የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ያልሆነላቸው ሰዎች ናቸው። በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ አራት ለአራት ሆነው ይጫወታሉ፤ ኳሱን ይዞ በሁለት ጎማ የግብ መስመሩን ያለፈ ግብ አስቆጠረ ይባላል። ወንበር ከወንበር ማጋጨትም ይፈቀዳል።

የሒሳብ ሰው፦
እኔ ከላይ ይጀመር ባይ ነኝ። ገንዘብ ሰጪ፣ መንግሥትም ይሁን ስፖንሰር፣ የሚሰጠው ላየው ነገር ነው። የብሪታንያን ቡድን ተመልከቱ። ከሪዮ ፓራሊምፒክ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት 3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተደጉሞ እ.ኤ.አ. በ2016 አምስተኛ ቢወጣ፣ ድጎማውን የሚያከፋፍለው ዩኬ ስፖርት በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ አነሣበት። ክለቦቹ ስንት ጀማሪ እንዳፈሩ በሚዛኑ ላይ አልነበረም፤ የተመዘነው የሜዳሊያ ተስፋ ነበር። ስለዚህ ሜዳሊያውን ያጣ ፌዴሬሽን ክለቦቹን የሚረዳበትም አቅም አይኖረውም።

የክለብ አሠልጣኟ፦
ያቀረቡት ምስክር ለእኔም ይመሰክራል። ድጎማው የተነሣበት ያው ቡድን አይደለም እንዴ እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ አሜሪካን 54 ለ 49 ረትቶ ወርቅ የወሰደው? በዚህ ስፖርት የፓራሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው የአውሮፓ ቡድን ነው። ገንዘቡ ሲጠፋ ተጫዋቾቹ አልጠፉም፤ የሚመለሱበት ክለብ ነበራቸው።

የሒሳብ ሰው፦
ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቶኪዮ ላይ ከተሰለፉት ብዙዎቹ ሪዮ ላይም የነበሩ፣ በድጎማው ዘመን የበሰሉ ተጫዋቾች ናቸው። ያ ወርቅ ቀደም ሲል ከተሞላ ጎተራ የወጣ እህል ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖ ቢቆይ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሚታጨድ ወርቁ አይነግረንም።

የወንበር ጠጋኝ፦
ሁለታችሁም ወንበሩን ዘነጋችሁት። የራግቢ ወንበር ሰው ቤቱ ካለው ዊልቸር ጋር አይገናኝም። ጎማዎቹ ወደ ውጭ ተንጋደው የቆሙ፣ ቸርኬያቸው በክብ ሰሌዳ የተሸፈነ፣ ከኋላ እንዳይገለበጥ ትንንሽ እግሮች የተበየዱለት ነው። የአጥቂው ወንበር እንዳይያዝ ዙሪያው ክብ ይደረጋል፤ የተከላካዩ ደግሞ ሌላውን ጠልፎ የሚያስቀር መንጠቆ ከፊቱ ይወጣለታል። የአንዱ ዋጋ ብዙ ሺህ ፓውንድ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ሲቀይር አሮጌው ለክለብ ይተላለፍ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል፤ ነገር ግን ወንበሩ የሚሠራው በአንድ ሰው ዳሌ ልክ ነው፣ እንደ ጫማ ማለት ይቻላል። ሆዱንና ጀርባውን ማዘዝ ለሚችል ኮከብ የተሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ አንገቱ አካባቢ የተጎዳ ጀማሪ ቢቀመጥ፣ በመጀመሪያው ግጭት ወደ ፊት ይደፋል። እንዲህ የተደፉትን ቀና ያደረግሁ ሰው ነኝ። ከላይ ወደ ታች ይወርዳል የተባለው ጥቅም እኔ እስከማየው ድረስ የሚወርደው የጎማው ካላማዳሪ ብቻ ነው።

ባለ ግማሽ ነጥብ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም የጨዋታው ደንብ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ ጉዳቱ መጠን ከ0.5 እስከ 3.5 ነጥብ ይመደባል፣ ሜዳ ላይ ያሉት የአራቱ ድምርም ከ8 አይበልጥም፤ ሴት ተጫዋች ስትሰለፍ ብቻ ለእያንዳንዷ ግማሽ ነጥብ ይጨመራል። አሠልጣኙ ሁለት ባለ 3.5 ኮከቦችን ላሰልፍ ቢል 7 ነጥብ ጨረሰ፤ የቀረችው አንዲት ነጥብ ለሁለት ሰው ትካፈላለች። እነዚያ ሁለቱ እንደ እኔ ያሉ ባለ ግማሽ ናቸው። እኛን ከታች ያላሳደገ ፌዴሬሽን ኮከቦቹን ከላይ ማሰለፍ አይችልም።

የምንገኘውም በአከርካሪ ጉዳት ማገገሚያ ክፍል አልጋ ላይ ነው፤ ለክለብም ከሁሉ በላይ ወጪና ድካም የምንጠይቅ ነን። የመጀመሪያ ምሽቴን ልንገራችሁ። ሁለት ሰው ተሸክሞ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ፤ ደረቴን፣ ጭኔንና እግሬን በማሠሪያ አሰሩኝ፤ ጣቶቼ ስለማይጨብጡ ጓንቱን በፕላስተር ከእጄ ጋር ጠቀለሉት። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሜዳ ውስጥ የቆየሁት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች ሦስት ደቂቃ ውስጥ ግን የክለቡ ፈጣን ተጫዋች በጎኔ ሊያልፍ ሲል መንጠቆዬ የወንበሩ ክንፍ ውስጥ ገባና ቆመ፤ ቢታገል፣ ወንበሩን ቢያወዛውዝ አልለቀው አለ። መጀመሪያ ተሳደበ፣ ቀጥሎ ሳቀ። አንድም ጊዜ ኳስ አልነካሁም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ተመልሼ መጣሁ።

የክለብ አሠልጣኟ፦
እውነት ነው፤ ሆኖም በባለ ግማሾች ብቻ ክለብ አይቆምም። ብሪታንያ ውስጥ አምስት ለአምስት የሚጫወቱት ዓይነት አለ፤ በዓለም አቀፉ ምደባ የማይገቡ፣ ጉዳታቸው ቀለል ያለ ሰዎችንም ያቅፋል። የአዳራሽ ኪራዩን የሚጋሩት፣ ማሠሪያ የሚያጠብቁት፣ ኳስ የሚያነሡት እነርሱ ናቸው። እነርሱን ባንቀበል የእርስዎም ያቺ ሦስት ደቂቃ አትገኝም ነበር።

ባለ ግማሽ ነጥብ፦
መቀበላቸውንስ አልቃወምም፤ የምቃወመው ቆጠራውን ነው። ፌዴሬሽኑ ክለቡን በአባላት ብዛት ከደጎመ፣ ክለቡ ሃያ ደቂቃ ከሚፈጅበት ከእኔ ይልቅ ራሱ ተቀምጦ ራሱ የሚነሣውን ሰው ቢፈልግ አይፈረድበትም። ጨዋታው ለማን እንደተፈጠረ ግን እንዘነጋለን። ድጎማው ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸውን ተጫዋቾች ላመጣና ላቆየ ክለብ ከፍ ይበል።

የሒሳብ ሰው፦
ስሌትዎ ደንቡ ላይ የቆመ ስለሆነ አልክደውም፤ የእኔ ከላይ ይጀመር ባይነትም በዚህ ልክ ላላ ይላል። ስጋቴን ግን ልናገር። ዝቅተኛ ነጥብ ገንዘብ የሚያመጣ ከሆነ፣ በምደባው ቀን ተጫዋቹ ካለው አቅም በታች እንዲታይ የሚገፋፋ ክለብ አይጠፋም። ነጥቡን የሚወስኑት መዳቢዎች ከክለቡም ከበጀት ክፍሉም ነጻ ካልሆኑ ሐሳብዎን አልደግፍም።

ባለ ግማሽ ነጥብ፦
ተገቢ ነው፤ እቀበላለሁ።

የወንበር ጠጋኝ፦
እንግዲያው ከእኔ በኩል አንድ ጥያቄ አለኝ። መቀመጫው የሚሰፋና የሚጠብ አንድ ወንበር ተሠርቶ እዚያው ማገገሚያ ክፍል ቢቀመጥስ? ሰውየው ክለብ ከመምጣቱ በፊት በኮሪደሩ ላይ ይሞክረው። በሳምንት አንድ ቀን እየሄድኩ ጎማውን የማየት ሥራ የእኔ ይሁን።

ባለ ግማሽ ነጥብ፦
ጓንቱንም አብረው ያስቀምጡ፤ ቢቻል ሦስት ልክ። ያለ ጓንት የገፋ ጀማሪ መዳፉ ይላጣል፤ ስሜት ስለሌለው ደግሞ መላጡን የሚያውቀው ደሙን ጎማው ላይ ሲያይ ነው።