ለጥርስ ሕክምና ያወጣነው ገንዘብ ከግብር ይቀነስ ወይስ አይቀነስ?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንዳንድ አገሮች ለጥርስህ ከኪስህ ካወጣኸው ላይ የተወሰነውን በግብር በኩል ይመልሱልሃል። ተገቢ ነው ትላላችሁ? እኔ ተገቢ ነው ባይ ነኝ፣ እንዲያውም ያንሳል። ጥርስ የአካል ክፍል አይደለም እንዴ? ጥርሱ የመገለ ሰው በአንድ ጎኑ እያኘከ፣ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ሥራ ሲገባ አይታችሁ የለም? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍ ጤና ችግር ያለበት ሰው ወደ 3.5 ቢሊዮን ይጠጋል። ይሄ የቅንጦት ነገር አይደለም።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ ደግ ነው፣ ግን ገንዘቡ ማን እጅ ነው የሚገባው? እኔ የምውለው የሰው ግብር ስሠራ ነው። ገቢው አንሶ ግብር የማይደርስበት ሰው ምንም አይመለስለትም፣ ጥርሱ ግን እኩል ነው የሚያመው። ደግሞ መጀመሪያ ከፍለህ ነው በኋላ የምትጠይቀው፤ ከፍሎ መጠበቅ የሚችለው ያው ያለው ሰው ነው።

የአሜሪካውን እይ። የሚቀነሰው የሕክምና ወጪ ከዓመት ገቢህ 7.5 ከመቶ በላይ የሆነው ብቻ ነው። 40,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው ለጥርሱ 3,500 ቢያወጣ የመጀመሪያው 3,000 አይቆጠርለትም። የቀረችው 500 ራሷ የምትቀነሰው ከግብሩ ሳይሆን ግብር ከሚሰላበት ገቢ ላይ ነው፣ ስለዚህ 12 ከመቶ ለሚከፍል ሰው የምታድነው 60 ዶላር ናት። እሷም ወጪውን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ካቀረበ ነው። ብዙው ሰው ለሁሉም የተፈቀደው ጥቅል ተቀናሽ ስለሚሻለው አይዘረዝርም፣ ለጥርሱም ምንም አያገኝም።

ጠያቂው፦
እሱ የአሠራሩ ችግር ነው እንጂ የሐሳቡ አይደለም። አየርላንድ እንዲህ ያለ ወለል የለም። 1,000 ዩሮ ካወጣህና በቂ ግብር ከከፈልክ 20 ከመቶው፣ ማለትም 200 ዩሮ፣ ይመለስልሃል።

የጥርስ ሐኪሙ፦
አየርላንድን ስላነሳህ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚያ መንቀል፣ መሙላት፣ ማጠብና ሰው ሠራሽ ጥርስ “መደበኛ ሕክምና” ተብለው ከተመላሹ ውጭ ናቸው። የሥር ሕክምና፣ ክራውን (ጥርሱ ላይ የሚደፋ ሽፋን)፣ የማስተካከያ ሽቦ ግን ይገባሉ። እስቲ አስቡት። ቀዳዳው ትንሽ እያለ ብታስሞላው ምንም የለህም፣ ነርቩ ጋ ደርሶ የሥር ሕክምናና ክራውን ሲያስፈልግህ ነው መንግሥት የሚያግዝህ። ሰው ለግብር ብሎ ጥርሱን አያበሰብስም፣ ገብቶኛል። እኔ ግን ራጁ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ጥላ አሳይቼው “ደሞዝ ይግባና እመለሳለሁ” ብሎኝ የሄደ ሰው ፊቱ አብጦ ሲመጣ ስንቴ አይቻለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን፣ ሕጉ ግን ቅጠሉን ትቶ ቃጠሎውን ይደጉማል። ይቀነስ፣ ግን ከመሙላት ይጀምር።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ዶክተር፣ ሙሉውን እንናገር እንጂ። እዚያው አየርላንድ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮውን ያሟላ ሠራተኛ በዓመት አንድ ነፃ ምርመራና ለማጠቢያ ድጎማ አለው። መሙላት ላይ ግን አልከራከርዎትም፣ ልክ ነዎት።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ስለ ሽቦው ልናገር። ለልጄ ሽቦ ሳስገባላት “ለቁንጅና ነው” ያለኝ ሰው ብዙ ነው። የታች ጥርሶቿ ላንቃዋን እየወጉ ያቆስሏት ነበር፣ እንጀራ እንኳን በውኃ አርሳ ነበር የምትውጠው። ይሄ ቁንጅና ነው? ጥርስ ማንጣት ሌላ ነገር ነው፣ አሜሪካም ካናዳም አይቀበሉትም፣ እኔም አልጠይቅም።

የእኔ ችግር ሌላ ነው። ደረሰኞቹን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ አኑሬ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳወጣቸው ግማሾቹ ነጭ ወረቀት ሆነዋል፣ ቀለሙ ጠፍቷል። ያኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እና ተመላሹ አለ ቢባል ለደከመ ወላጅ ምን ያህል ይደርሳል?

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
እህቴ፣ የዚያ ዓይነት ወረቀት ሙቀትና ብርሃን ያጠፋዋል። በወጣ ዕለት በስልክ ፎቶ አንሺው። የጠፋውን ደግሞ ክሊኒኩ ከመዝገቡ እንደገና እንዲያወጣልሽ ጠይቂ። አየርላንድ ከሆንሽ እስከ አራት ዓመት ወደኋላ መጠየቅ ይቻላል፣ ሐኪሙ የሚሞላው “ሜድ 2” የሚባል ቅጽም አለ። ኢንሹራንስ የመለሰልሽን ክፍል ግን አታስገቢ።

አቋሜ አልተለወጠም፤ ያ ገንዘብ ግብር ለማይደርስበት ሰው በቀጥታ ሕክምና ቢሆን ይሻላል። ያለውን መብትሽን ግን ተይው አልልሽም።

ጠያቂው፦
መሙላት ይግባ የሚለውን ተቀብያለሁ፣ አላሰብኩትም ነበር። ግብር ለማይከፍለው ሰው ግን መልስ የለኝም። ዶክተር፣ እርስዎስ?

የጥርስ ሐኪሙ፦
ለእሱ ተቀናሽ አይሠራም። ለእሱ ነፃ መሙላት ነው የሚያስፈልገው፣ የታመመ ዕለት።