ትምህርት ቤታችን ለስድስት ሳምንት ሲዘጋ የ7ኛ ክፍል ሒሳብን በርቀት እንዴት አቅጄ ላስተምር?

ጠያቂ፦ መምህር ከቱሉ ዲምቱ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍሎች ጣሪያ ስለሚጠገን ለስድስት ሳምንት ይዘጋል፤ እስከዚያው በርቀት እንድናስተምር ተነግሮናል። በክፍሌ 54 ተማሪዎች አሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ በአንድ ጠይቄ እንደመዘገብኩት፣ የ33ቱ ቤተሰብ ቴሌግራም የሚሠራበት ስልክ አለው፤ 14ቱ ቤት ያለው ተራ ስልክ ብቻ ነው፤ የቀሩት 7 ተማሪዎች ወላጆች ያስመዘገቡት ቁጥር አይሠራም። ስማርት ስልክ ካላቸውም አብዛኞቹ ልጆች ስልኩን የሚያገኙት አባት ወይም እናት ማታ ከሥራ ሲገቡ ነው።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን የሠራሁትን ስህተት መድገም አልፈልግም። ያኔ የመጽሐፉን ገጾች ፎቶ እያነሳሁ በየቀኑ ወደ ቴሌግራም እልክ ነበር። ልጆቹ ከወራት በኋላ ሲመለሱ ከላክሁት ውስጥ የትኛውን እንደተረዱ መናገር አልቻልኩም፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የአንድም ተማሪ ደብተር አላየሁምና። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ዕቅዴን ከምን ልጀምር?

መልስ፦ መምህርት ከየካ አባዶ

መምህር፣ የስልኩን ነገር አስቀድመው መመዝገብዎ ትልቁን ሥራ አቅልሎልዎታል። እኔ የምመክርዎ ዕቅዱን ከሚልኩት ሳይሆን ከተማሪው ተመልሶ ከሚመጣልዎ ሥራ እንዲጀምሩ ነው። ለእያንዳንዱ ሳምንት ተማሪው የግድ ሊያውቀው የሚገባውን አንድ ነገር ይምረጡ፤ ማወቁን የሚያሳዩ አራት ወይም አምስት ጥያቄዎችን ያውጡ፤ ማብራሪያውን ከዚያ በኋላ ያዘጋጁ። በክፍል ውስጥ በሳምንት የሚሸፍኑትን ያህል በርቀት እሸፍናለሁ ብለው አያስቡ። እኔ ግማሹን ብቻ አቅጄ እንኳን ጊዜ አጥሮኛል።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። ኔጌቲቭ ቁጥሮችን ሳስተምር አንዲት ተማሪ የደብተሯን ፎቶ ላከችልኝ፤ −3 − 5 = 8 ብላ ጽፋለች። መልሱን ብቻ ብትልክልኝ ኖሮ ኤክስ አድርጌ አልፋት ነበር። ከጎኑ ግን በእርሳስ «ኔጌቲቭ እና ኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው» የሚል ጽፋ ነበርና፣ የማባዛትን ሕግ ወደ መቀነስ እንዳመጣችው ገባኝ። ወዲያው አንድ ደቂቃ የማይሞላ የድምፅ መልእክት ቀርጬ፣ ከሱቅ የ3 ብር ዱቤ ያለበት ሰው የ5 ብር ዕቃ በዱቤ ቢጨምር ዕዳው 8 ብር እንደሚሆን እንጂ ሱቁ 8 ብር እንደማይሰጠው አስረዳኋት። ያንኑ ድምፅ ለክፍሉ በሙሉ ስልከው፣ ተመሳሳይ ስህተት የሠሩ ሌሎች ዘጠኝ ልጆች ሥራቸውን አርመው ላኩልኝ። ስለዚህ ጥያቄ ሲያወጡ «እንዴት እንደደረስክበት ጻፍ» የሚለውን አይተዉት።

ቪዲዮ አይላኩ፤ የወላጅን ዳታ ይጨርሳል። የድምፅ መልእክትና አንድ ጥርት ያለ የወረቀት ፎቶ ይበቃል። ተራ ስልክ ላላቸው ደግሞ የሳምንቱን ወርክሺት ፎቶ ኮፒ አድርገው በትምህርት ቤቱ ጥበቃ ቤት ያስቀምጡላቸው፤ ልጁ አዲሱን ሲወስድ የሠራውን እንዲመልስ ያድርጉ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ኮዬ ፈጬ

እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ ነገር ግን ወላጅም ቢሰማ ጥሩ ነው ብዬ ነው። በቤታችን ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እኔ ወደ ቤት የምገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ትምህርት በርቀት በነበረበት ጊዜ የሁሉም ትምህርት ሥራ በአንድ ማታ ይመጣና ሦስቱም ልጆቼ ስልኩን ይሻሙ ነበር፤ ትንሹ ተራው ሳይደርሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። መምህራን እርስ በርሳችሁ ተነጋግራችሁ የሒሳቡን ሰኞ፣ የእንግሊዝኛውን ማክሰኞ እያላችሁ ብትከፋፈሉትና ማስረከቢያውንም እስከ እሑድ ብታደርጉልን ትልቅ እፎይታ ነው። እሑድ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል።

መልስ፦ በጡረታ ላይ ያለ ሱፐርቫይዘር

ከላይ በተሰጡት ምክሮች እስማማለሁ። በ1990ዎቹ ማብቂያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት፣ ማለትም በክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን ስክሪን ይሰጥ የነበረውን፣ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነበር፤ ይሁን እንጂ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ተማሪው ገና እስክሪብቶ ሳያነሳ መልሱን ተናግሮ ያልፍ ነበር። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስከታተል፣ ልጆች ጥያቄውን ሳይጨርሱ ቀና ብለው መልሱን ሲገለብጡ አይቻለሁ። ምላሽ የማይጠብቅ የቴሌግራም ትምህርትም መጨረሻው ይኸው ነው።

ስለ ምዘና አንድ ነገር ላሳስብ። ልጁ ስልክ ስለሌለው ማርክ ሊጎድልበት አይገባም። የስድስቱን ሳምንት ሥራ ለማስተማሪያ ተጠቀሙበት፤ ለተከታታይ ምዘና የሚያዘውን ውጤት ግን ተማሪዎቹ ሲመለሱ በክፍል ውስጥ ፈትናችሁ ያዙ። የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፋችሁ በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ በቤት ውስጥ የሚረዳው ሰው ለሌለው ልጅ የድምፅ ማብራሪያው በአማርኛ ቢሆን፣ እንደ «ኢንቲጀር» ያሉት ቃላት ግን እንደ መጽሐፉ ቢጠሩ ይሻላል።

ጠያቂው፦ መምህር ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእናትን አስተያየት ይዤ ከክፍሉ ሌሎች መምህራን ጋር ተነጋግረን የየትምህርቱን ቀን ተከፋፍለናል፤ ሒሳብ ረቡዕ ደርሶታል፣ ማስረከቢያው እሑድ ነው። የስድስቱን ሳምንት ይዘትም ወደ አምስት ዋና ዋና ነጥቦች ዝቅ አድርጌ፣ ስድስተኛውን ሳምንት የተሳሳቱትን መልሶ ለማስተማር ትቼዋለሁ። ቁጥራቸው ከማይሠራው 7 ተማሪዎች የአራቱን ሠፈር የክፍል ጓደኞቻቸው ነግረውኛል፤ ቅዳሜ ወርክሺቱን ይዤ እሄዳለሁ። የቀሩትን ሦስቱን ግን ማንም አያውቃቸውም። በኮንዶሚኒየም ሠፈር ቤት የቀየረ ተከራይ ቤተሰብ ያፈላለገ መምህር ካለ፣ ከየት እንደጀመረ ቢነግረኝ ውለታው አለብኝ።