«ቻይው» የሚለው ማነው? መከራን መታገስ ከእምነት ጋር ያለው ነገር

ጠያቂው፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት አንድ ወንድም እዚህ «እውነተኛ እምነት ያለው ሰው አይታመምም፣ አይቸገርም፣ መከራ የእምነት ማነስ ምልክት ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። እኔ አልስማማም። ጌታ ራሱ «በዓለም ሳላችሁ መከራ አለባችሁ» ብሏል። ጳውሎስ አምስት ጊዜ አንድ ሲጎድል አርባ የተገረፈው እምነት ጎድሎት ነው? የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፣ መልሱ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነበር። የአገልግሎት ባልደረባውን ጥሮፊሞስንም ታሞ ሚሊጢን በምትባል ከተማ ትቶት ሄዷል። መከራ የክርስትና አካል ነው። መሸሽ ሳይሆን መታገስ ነው ያለብን። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ትናንት የጻፈው፦
እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አሁንም ያው ነኝ። ጌታ «ፈውሰኝ» ብሎ የመጣን ሰው «በሽታህን ታገስ» ብሎ የመለሰበትን ቦታ አሳዩኝ። የለም። መከራን እንዲህ ካሞገስነው ሰው መጸለዩን ይተዋል።

ጠያቂው፦
ለፈውስ መጸለይን አልተቃወምኩም ወንድሜ፣ እኔም እጸልያለሁ። የተቃወምኩት ያልተፈወሰውን መክሰስህን ነው። ልጁን ቀብሮ ለተመለሰ አባት «እምነትህ አንሶ ነው» ትለዋለህ? ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ነው ያላቸው።

እህቷ ነኝ፦
ሁለታችሁንም አነበብኩ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን «መሸሽ ሳይሆን» የምትለዋ ቃል ናት።

እህቴን ባሏ ለዓመታት ይደበድባት ነበር። ወደ አገልጋዮች ሄዳ ነገረቻቸው። «መስቀልሽ ነው፣ ቻይው፣ ጸልዪለት» ብለው መለሷት። እሷም የመታት ሰው ጋ ተመልሳ ገባች፣ ምክንያቱም ከወጣች እግዚአብሔርን የካደች መስሏት ነበር። እጇ እስኪሰበር ድረስ ቻለች። እነሱ ያን ቀን ማታ በሰላም ተኝተዋል።

እባካችሁ «ታገሱ» የሚለውን ማን እንደሚናገረው እዩ። ጳውሎስ «በመከራችን እንመካለን» ሲል በራሱ ጀርባ ላይ የወረደውን ግርፋት እያወቀ ነው። ሌላ ሰው ላይ የጫነው ነገር አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች ደግሞ መጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ያኔ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በጮኸውና በተሟገተው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሊሆኑ በሞከሩት በእነሱ ላይ ነው።

ደግሞ ያ የምትጠቅሰው ጳውሎስ ከደማስቆ ያመለጠው በቅርጫት ከቅጥሩ ወርዶ ነው! ሊገርፉት ሲያስሩትም ዝም አላለም፣ ሮማዊ ነኝ ብሎ መብቱን ጠየቀ። «በአንዲቱ ከተማ መከራ ሲያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ» ያለው ጌታ ነው። ታዲያ እህቴን ማን ነው አትሽሺ ያላት?

አንድ አንባቢ፦
እህቴ ባለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስ በ2ኛው መቶ ዘመን ሊይዙት ሲፈልጉት መጀመሪያ ከከተማ ወጥቶ ተደብቋል። ሲያዝ ግን «86 ዓመት አገለገልኩት፣ ምንም ክፉ አላደረገብኝም» ብሎ አልክድም አለ፣ ሞተም። በዚያው ታሪክ ውስጥ ኩዊንጦስ የሚባል ሰው አለ፣ ራሱ ሄዶ እጁን የሰጠ። አውሬዎቹን ሲያይ ፈርቶ ካደ። ታሪኩን የጻፉት ክርስቲያኖችም ራሳቸውን አሳልፈው የሚሰጡትን አናመሰግንም ብለዋል። ዕብራውያን 11 ላይም በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ በሰይፍ የተገደሉ። ሁለቱም በእምነት ነው የተባለላቸው።

ጠያቂው፦
«መሸሽ ሳይሆን» ያልኩትን አንስቻለሁ። ስጽፈው እናቴን እያሰብኩ ነበር። አልጋ ላይ ከዋለች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፣ የምትሸሽበት በር የላትም። ለሷ የቀራት መታገስ ብቻ ነው፣ እሱንም በየቀኑ እያለቀሰች ነው የምትታገሰው። የሷን ነገር ለሁሉም ሕግ ማድረግ አልነበረብኝም። እህትሽን በር እያለላት ዝጊው ማለት ሌላ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁን እንዴት ናት?

ትናንት የጻፈው፦
ለእናትህ እጸልያለሁ ወንድሜ። ስለ እምነት ማነስ ያልኩትን ለሷ አልለውም።

እህቷ ነኝ፦
ወጥታለች፣ ልጆቿን ይዛ እኔ ጋ ናት። እጇ ድኗል። ትጸልያለች፣ ለሱም ጭምር። ቤተክርስቲያን ግን በሩ ጋ ደርሳ ትመለሳለች።