«እራቴን በልቼ ተኛሁ»

የፈረንሳይ ልጅ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ የቀረበውን ቀዶ ሐኪም የሰማ አለ? ስለ ሥራው በግልጽ እንዲያወራ ነበር የተጋበዘው። ጋዜጠኛዋ «በሽተኛ ሲሞትብህ ምን ትሆናለህ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «መጀመሪያ የሞተብኝ ቀን እራቴን በልቼ ተኛሁ።» እኔ አባቴን ኦፕራሲዮን ክፍል አስገብቼ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ያደርኩ ሰው ነኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጓንትና ክር ግዛ ተብዬ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬያለሁ። ሲነጋ የተረከብኩት ሬሳ ነው። ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ሐኪሙ ግን እራቱን በላ! ግልጽነት ይሄ ከሆነ ይቅርብን።

ሬዚደንት ነኝ፦ ነፍሳቸውን ይማር ወንድሜ። እኔም ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ እየተማርኩ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ግን ቀጥሎ ያለውን ለምን ዘለልከው? «ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ አፌ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው እህል ነበር» ብሏል። ጠዋት ሞርኒንግ (የሐኪሞች ስብሰባ)፣ ከዚያ ራውንድ (የተኙ በሽተኞችን መዞር)፣ ቀኑን ኦአር (ኦፕራሲዮን ክፍል)፣ ሌሊቱን ዲውቲ (ተረኝነት)፣ ሲነጋ እንደገና ራውንድ። 36 ሰዓት ነው። እራት ይበለው እንጂ የበላው የትናንቱን ቁርስ ነው።

የፈረንሳይ ልጅ፦ ቁርስም በለው እራት፣ «በልቼ ተኛሁ» ብሏል አላለም?

ጥቁር ቡና፦ ምን እንደበላ ይጣራ። ሽሮ ከሆነ ይቅር እንበለው። በዚያ ደመወዝ ክትፎ በልቶ ከሆነ ግን ፀረ ሙስና ይግባበት።

ሲስተር ከኦአር፦ ቀልዱ ይቆየንና እኔ 19 ዓመት ለቀዶ ሐኪም መሣሪያ ሳቀብል የኖርኩ ነርስ ነኝ። አንድ ሌሊት አንጀቱ የታጠፈበት ገበሬ መጣ። ሆዱ እንደተከፈተ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ የአንስቴዥያው (የማደንዘዣው) ልጅ በአንድ እጁ አየር እየሰጠ በሌላው የስልኩን መብራት ያዘልን። ዶክተሩ ጣቱን የሚደማው ቦታ ላይ ጭኖ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቃል አልወጣውም። የዶክተሩ ላብ የበሽተኛው ሆድ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ራነሯ (ዕቃ የምታቀርበው ነርስ) በጨለማ ግንባሩን ትጠርግለታለች። ገበሬው ዳነ። ወንድሙ መጥቶ እግዚአብሔርን አመስግኖ ይዞት ሄደ። ልክ ነው፣ እኔም የማመሰግነው እሱን ነው። ሲሞት ግን ለምን ዶክተሩ ብቻ ይጠራል?

የፈረንሳይ ልጅ፦ እግዚአብሔር ደመወዝ አይበላማ ሲስተር።

ሬዚደንት ነኝ፦ እኛስ መቼ በላን?

ቄራ አካባቢ፦ ይኸው መጣች! ዞሮ ዞሮ ወሬው ደመወዝ ነው። ግንቦት 2017 ሥራ ስታቆሙ ኮሪደር ላይ የቀረችው እናት የማን እናት ነበረች? ያን ቀንም እራታችሁን በልታችኋል?

ሬዚደንት ነኝ፦ በ2011 ሚያዝያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰብስበው አነጋግረውናል። እስከዚያ ግንቦት ድረስ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ይዘን ቆይተናል። በመሀል ብሩ ምን እንደሆነ አንተም ገበያ ትወጣለህ። የታሰሩ ባልደረቦች ነበሩን። እነሱ እራት በልተው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ጠበቃው፦ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 543 አንብቡት፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ሙያው ሰው የመጠበቅ ግዴታ የጣለበትን ሲጠቅስ ለምሳሌነት የጠራው ሐኪምንና አሽከርካሪን ነው። ጎን ለጎን። እንዲህ ሬዲዮ ላይ «ሲሞትብኝ» እያለ የሚያወራ ሐኪም ነገ ፍርድ ቤት ቃሉ እንደሚጠቀስበት ያውቃል?

ጥቁር ቡና፦ አይሱዙ የሚነዳው 36 ሰዓት አልተኛሁም ቢል ትራፊክ ያስወርደዋል። ሐኪሙን ግን «ቀጣይ በሽተኛ!» ይሉታል።

ሜሪላንድ፦ እዚህ አሜሪካ ሬዚደንት በአማካይ በሳምንት ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ከ2003 ጀምሮ ደንብ አለ፣ በእነሱ አቆጣጠር። ለምን እኛ ጋ አይወጣም?

ሬዚደንት ነኝ፦ ደንቡማ ይውጣ። የእኔን ተራ ማን ይሸፍናል? አንተ ትመጣለህ? ስቴፕ (የአሜሪካውን የሐኪሞች ፈተና) ተፈትኖ የሄደ ሁሉ ከዚያ ሆኖ ምክር ይልክልናል።

ሜሪላንድ፦ ቆይ እንጂ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኡበር ነው የምነዳው። 12 ሰዓት ከነዳሁ አፑ ራሱ ለ6 ሰዓት ይዘጋብኛል። ጠበቃው ሐኪምና ሹፌር ሲል ትዝ ብሎኝ ነው።

ጥቁር ቡና፦ በል ለኦአርም አፕ ይሠራልን።

ወረዳ ነኝ፦ እናንተ የአዲስ አበባን ኦአር ብቻ ነው የምታወሩት። እዚህ ሌሊት ምጥ የጠናባትን ሴት የሚያዋልዳት ስፔሻሊስት አይደለም። መንግሥት ከ2002 ገደማ ጀምሮ ለድንገተኛ ቀዶ ጥገና ያሠለጠነን የጤና መኮንኖች ነን። ስለ እኛ እራት የሚጠይቅም የለም።

ሬዚደንት ነኝ፦ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሦስት ዓመት ተምሮ ሆድ መክፈት ለጊዜው መጥቀሙ ቋሚ መፍትሔ አያደርገውም።

ወረዳ ነኝ፦ «ለጊዜው»? ወንድሜ፣ አንተ ማስተር ፕላን እስክትጨርስ ሴትየዋ ትጠብቅ? ማሚቱ ጋሼ የሕክምና ትምህርት ቤት በር አልረገጡም። ራሳቸው የፊስቱላ (ምጥ ሲረዝም የሚመጣ ጉዳት) ታካሚ ሆነው ነው የፊስቱላ ሆስፒታሉ መሥራቾች ሐምሊኖች ጋ የመጡት። እዚያው ኦአር ውስጥ እያዩ ተምረው ስንቷን ሴት ጠገኑ። እሳቸውንም «ለጊዜው» በላቸው።

ሬዚደንት ነኝ፦ ከማሚቱ ጋር ራስህን ታወዳድራለህ?

ወረዳ ነኝ፦ አንተ ከማን ጋር ነው የምታወዳድረኝ?

ጋሽ ታዛቢ፦ ልጆች፣ በእኛ ጊዜ ሐኪም ሬዲዮ ላይ ወጥቶ ጓዳውን አይዘከዝክም ነበር። ቀዶ ሐኪሙን ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ያየ ያውቃል። ቢላቸውን ይይዛሉ፣ አፋቸውንም ይይዛሉ።

ጠበቃው፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፕሮፌሰር አሥራት አፋቸውን ቢይዙ ኖሮ በ1985 ከዩኒቨርሲቲ ይባረሩ ነበር? በ1986 ይፈረድባቸው ነበር? ከእስር ወጥተው ፊላደልፊያ ሄደው ያረፉት እኮ ስለተናገሩ ነው።

ጋሽ ታዛቢ፦ እኔ ያልኩት ስለ በሽተኛ ነው። ፖለቲካው ሌላ ነው። ደግሞ ያኔ አንተ ተወልደሃል?

ቄራ አካባቢ፦ አሥራት ላይ ከደረስን ይሄ ነገር ሌሊቱን አያልቅም። አድሚን የት ነህ?

አድሚን፦ አለሁ። ፕሮፌሰሩን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። የተጻፉ ሦስት ስድቦች አጥፍቻለሁ፣ ባለቤቶቹ ታውቃላችሁ።

የፈረንሳይ ልጅ፦ ሁላችሁም ከጥያቄዬ ሸሻችሁ። መብራት ጠፋ፣ ደመወዝ አነሰ፣ እሺ። እኔ የጠየቅኩት ሰው ሞቶ እንዴት ይበላል ነው። ለቤተሰቡ ሲባል እንኳ ሬዲዮ ላይ ባይናገረው ምን ነበር?

ሲስተር ከኦአር፦ አልቅሼ ነበር ቢል ታምነው ነበር?

የፈረንሳይ ልጅ፦ አዎ።

ሲስተር ከኦአር፦ እኔ አላምነውም። ያለቀሱትን አይቻለሁ፣ ሬዲዮ ላይ አይወጡም። አንዱ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቧንቧ ከፍቶ ነበር የሚያለቅሰው። ውሃ ያለ ቀን ማለቴ ነው።

ሬዚደንት ነኝ፦ ይሄን ለመጻፍ አላሰብኩም ነበር። አምና አንድ የ17 ዓመት ልጅ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ቆይቶ መጣ። ስንከፍተው ሆዱ በሙሉ መግል ነው። ሲኒየሬም (የበላይ ሐኪሜም) ነበር፣ ያለንን ሁሉ ሞከርን፣ አልተረፈም። የመንገር ተራው የእኔ ሆነ። አባትየው በሩ ላይ ቆመዋል፣ እጃቸው ላይ የገዙት ጓንት አለ። ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ያልተከፈቱትን ጓንቶች አውጥተው «እነዚህን ለሌላ ሰው አድርጉት ልጄ» ብለው ሰጡኝ። «ልጄ» ያሉት እኔን ነው።

የፈረንሳይ ልጅ፦ ጓንቱን ምን አደረግከው?

ሬዚደንት ነኝ፦ ሌሊቱን ሌላ በሽተኛ ገባ። በሱ ሠራንበት።

የፈረንሳይ ልጅ፦ ያን ቀን እራት በላህ?

ሬዚደንት ነኝ፦ በላሁ።

የፈረንሳይ ልጅ፦ እኔም እኮ ከመጀመሪያው ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ወረዳ ነኝ፦ ሰው አይደለህም አንተ።

ጥቁር ቡና፦ ተውት፣ አባቱን ያጣ ሰው ነው።

ቄራ አካባቢ፦ ሬዚደንቱ ካለህ አንድ ነገር። የእናቴ እንቅርት በጣም አብጧል፣ ማታ ማታ ያፍናታል። በግል የጠየቁን ዋጋ የሚነካ አይደለም። እናንተ ጋ ወረፋው እንዴት ነው?

ሬዚደንት ነኝ፦ ካፈናት አታቆዩአት። ሪፈር አጽፋችሁ ሰኞ በ12 ሰዓት ተመላላሽ ክፍል ድረሱ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ቁርስ አብልተሃት አምጣት።