የ4ኛ ክፍል ፈተና ከልጆቹ አቅም በላይ ሲሆን ወላጅ ምን ማድረግ ይገባዋል?

አባት፣ ከሰኞ ገበያ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን። ልጄ በከተማችን በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የአንደኛውን መንፈቀ ዓመት የማጠቃለያ ፈተና ተፈትና የመጣች ዕለት ቦርሳዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ምን ሆነሽ ብላት «አባዬ፣ አጥንቼዋለሁ፣ ግን የሚጠይቁኝ ምን እንደሆነ አልገባኝም» አለችኝ። በመጀመሪያ ልጅነት ነው ብዬ አልፌው ነበር። የፈተና ወረቀቶቹ ሲመለሱ ግን ማታ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ ካነበብኩ በኋላ ነገሩን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በአካባቢ ሳይንስ ፈተና ላይ የሰፈረ አንድ ጥያቄ «ከሚከተሉት ውስጥ የአፈር መሸርሸርን ከማያስከትሉት የማይመደበው የትኛው ነው?» ይላል። እኔ ራሴ የሚፈለገውን ለመረዳት ሦስት ጊዜ ማንበብ ነበረብኝ። ልጄ የአፈር መሸርሸርን ታውቃለች፤ በክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ይዞ ሲያልፍ በየዓመቱ በዓይኗ ታያለች። በሒሳብ ደግሞ ታሕታቸው (ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር) የተለያየ ክፍልፋዮችን ደምሮ ከውጤቱ ላይ ሌላ ክፍልፋይ መቀነስን የሚጠይቅ የቃላት ችግር ተሰጥቷል፤ ደብተሯን ገልጬ ሳየው የተማረችው ተመሳሳይ ታሕት ያላቸውን መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ 40 ጥያቄ የተሰጠው ለ40 ደቂቃ ነበር። ስም ጠሪ መምህርቷን ባነጋግራቸው በትሕትና ተቀብለውኝ «ፈተናው የሚከብደው ልጆቹ እንዲበረቱ ነው» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ 48 ልጆች አሉ፤ ያነጋገርኳቸው ወላጆች ሁሉ የሚናገሩት ተመሳሳይ ነገር ነው።

ልጄ 1ኛ ክፍል የገባችው በ2014 ዓ.ም. መሆኑንም እባካችሁ አስቡልኝ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ትምህርት ሲቋረጥ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ነበረች፤ ቤተሰቡም ከከተማ ወጥቶ ሰንብቷል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ ቅሬታዬን የማቀርበው በምን አኳኋን ነው? ወይስ እኔ ነኝ ልጄን ያለ አግባብ የምራራላት?

መምህር፣ ከቧንቧ ውሃ (ደሴ)

ወንድሜ፣ ልጅዎን ያለ አግባብ አልራሩላትም። ለ22 ዓመታት በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬአለሁ፤ እርስዎ የጠቀሱትን ዓይነት ጥያቄም በወጣትነቴ እኔ ራሴ አውጥቻለሁና ስሕተቱን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ስለ አፈር መሸርሸር የቀረበው ጥያቄ የሚመዝነው የአካባቢ ሳይንስ እውቀትን አይደለም፤ ሁለት አሉታ ያለበትን ዐረፍተ ነገር የመፍታት ችሎታን ነው። የ10 ዓመት ልጅ ደግሞ ይህን እንድትፈታ የሚያስተምር ምዕራፍ በመጽሐፏ ውስጥ የለም።

ፈተና ከመውጣቱ በፊት መምህሩ ቢጋር ማዘጋጀት ይኖርበታል፤ ይኸውም ከየምዕራፉ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ፣ ከእነዚህም ውስጥ ስንቱ ማስታወስን፣ ስንቱ መረዳትን፣ ስንቱ በተግባር ማዋልን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ የሚወስንበት ሠንጠረዥ ነው። ለምሳሌ በመንፈቀ ዓመቱ ከተሰጠው 48 ክፍለ ጊዜ ውስጥ ስለ አፈር የተማሩት 6 ከሆነ ከ40 ጥያቄዎች 5ቱ ስለ አፈር ቢሆኑ ተገቢ ነው። ቢጋር የሌለው ፈተና ግን መምህሩ ከሚወደው ምዕራፍ ላይ ይከመርና ልጆቹ ብዙ ቀን የደከሙበትን ሌላውን ይዘለዋል። እንደ ክፍልፋዩ ጥያቄ ያለ፣ ደብተር ላይ ያልሰፈረ ነገር የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ከአጋዥ መጽሐፍ ወይም ከሌላ ትምህርት ቤት የቆየ ወረቀት ሲገለብጥ ነው። ይህን የምለው ባልደረቦቼን ለመክሰስ አይደለም፤ በቀን 6 ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ማታ የስንት ክፍል ደብተር የሚያርም ሰው ለጥያቄ ዝግጅት የሚተርፈው ሰዓት ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ።

ከፈተናው በኋላም አንድ ቀላል ሥራ አለ። እያንዳንዱን ጥያቄ ስንት ልጅ እንደመለሰው መቁጠር ነው። አራት ምርጫ ያለውን ጥያቄ ልጆቹ ሳያነቡ በግምት ቢያከብቡት እንኳ ከ48ቱ ወደ 12 የሚጠጉት ያገኙታል። ስለ አፈር መሸርሸር የተጠየቀውን በትክክል የመለሱት 8 ወይም 9 ብቻ ሆነው ከተገኙ ጥያቄው ያወቁትን ልጆች ጭምር አሳስቷል ማለት ነው፤ ያ ነጥብም መሰረዝ ይኖርበታል።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ የፈተናውን ወረቀት፣ የልጅዎን ደብተርና የመማሪያ መጽሐፉን ይዘው ይሂዱ። «ፈተናው ከብዷል» ብለው ከጀመሩ ክርክር ይሆናል። «ይህ ጥያቄ ከየትኛው ገጽ ነው የወጣው? ስንት ልጅስ መለሰው?» ብለው ቢጠይቁ ግን ርዕሰ መምህሩም ወረቀቱን ማየት ይኖርባቸዋል። ለብቻዎ ከሚሄዱ ደግሞ ጉዳዩን በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ማቅረቡ ይሻላል።

እናት፣ ከኮምቦልቻ

ሁላችሁንም አክብሬ በአንድ ነገር አልስማማም። የእኔ ልጅ እስከ 7ኛ ክፍል ድረስ በየካርዱ ላይ ከ90 በላይ ያመጣ ነበር፤ እኔም በፋብሪካ የፈረቃ ሥራ ስለምውል ካርዱን አይቼ እረካ ነበር። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲደርስ ግን አንድ ገጽ አንብቦ ፍሬ ነገሩን መናገር እንደማይችል ተረዳሁ። እኔን ያታለለኝ ቀላል ፈተና ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሰምተናል። ይህን የሰማ ወላጅ «ከታች ጀምሮ ይክበድባቸው» ቢል ይፈረድበታል?

እናት፣ ከሆጤ (ደሴ)

የእኔ ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸውና ስለ እነሱ አንድ ቃል ልጨምር። ወረቀት ስለሚወደድ ጥያቄው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ልጆቹ መጀመሪያ ይገለብጡታል፣ ከዚያ ይሠሩታል። ከኋላ የተቀመጠችው ትንሿ ልጄ ገና ግማሹን ሳትገለብጥ ሰዓቱ አለቀ ተባለ። ለእሷ የከበዳት ትምህርቱ ሳይሆን ሰሌዳው ነው።

መምህር፣ ከቧንቧ ውሃ (ደሴ)

የኮምቦልቻዋ እህቴ፣ ስጋትዎ እውነተኛ ነው፤ በቁጥሮቹም እኔ እንደ መምህር አዝኛለሁ። ነገር ግን የልጅዎ 90 እና የዚህች ሕፃን ዝቅተኛ ውጤት ከአንድ ችግር የመጡ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ልጆቹ ምን እንደሚያውቁ ለወላጅ አላሳዩም። ልጅዎ በ3ኛ ክፍል ሳለ መምህሩ አንድ አንቀጽ አስነብቦ በራሱ ቃል እንዲናገር ቢያደርገው ኖሮ ጉድለቱ ያኔ ይታወቅ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከባድ ፈተና አይደለም፣ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ተከታታይ ምዘና የሚባለውም ለዚሁ የታሰበ ነው፤ ዳሩ ግን በብዙ ቦታ በየሳምንቱ ለሚሰጥ ሌላ የምርጫ ጥያቄ መጠሪያ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል የነበሩትን ልጆች ደግሞ ያስቡ፤ በመጋቢት ወር ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘጋባቸው፣ 3ኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ ጦርነት አገኛቸው። ለእነዚህ ልጆች ከሁሉ አስቀድሞ ምን እንዳመለጣቸው የሚለይ ምዘና ያስፈልጋቸዋል። እሱ ሳይደረግ ጥያቄውን ማክበድ ያልተገነባውን መሠረት አይገነባላቸውም።

የሆጤዋ እህቴ ያነሡት ጉዳይ ከሁላችንም የባሰ ነው። ጥያቄው በቃል ተነብቦ መልሱ ብቻ እንዲጻፍ፣ ወይም የመገልበጫው ጊዜ ከፈተናው ሰዓት ውጭ እንዲሆን ስም ጠሪዋን ይጠይቁ።

አባት፣ ከሰኞ ገበያ (ደሴ)

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የሁላችሁንም ሐሳብ ካነበብኩ በኋላ ትናንት ማታ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ወረቀት ላይ «አፈር እንዲሸረሸር የሚያደርገው የትኛው ነው?» ብዬ ጻፍኩና አራቱን ምርጫዎች ሳልነካ ለልጄ ሰጠኋት። ቀና ብላ ሳታየኝ «የዛፍ መቆረጥ» የሚለውን አከበበች። ከአራት ወላጆች ጋር ተነጋግረን ማክሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩን ለማግኘት ቀጠሮ ይዘናል፤ ሁለቱንም ወረቀቶች ይዤ እሄዳለሁ። የክፍልፋዩን ጥያቄ በተመለከተ ግን መምህር፣ ልጄን ታሕታቸው የተለያየውን እኔ ቤት ላስተምራት ወይስ ክፍል ውስጥ እስኪደርሱበት ልተዋት?