ሐሙስ ኮች ጋ ልገባ ነው፣ ምን ልጠብቅ?

ባለ መቀሷ፦
ሰላም የቤቱ ልጆች! 31 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ውስጥ ሂሳብ ላይ ነው የምሠራው፣ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራውን አልጠላሁትም፣ ግን እሁድ ማታ ሲሆን ሆዴን ይጨንቀኛል። በቅርቡ ደግሞ ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ተወዳደሪ ተብያለሁ። እኔ ግን በጎን የጀመርኩት የልጆች ልብስ ስፌት አለ፣ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ይህን ቶሮንቶ ላለችው እህቴ ሳወራላት «አንቺ የሚያስፈልግሽ ኮች ነው» ብላ ሳልጠይቃት የሦስት ጊዜ ከፈለችልኝ። ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በቪዲዮ ነው።

እኔ ኮች ሲባል የማውቀው የእግር ኳሱን ነው ኪኪኪ። ገብቼ ምንድነው የማወራው? ከልጅነቴ ጀምሮ ልዘርግፈው? እንደ ንስሐ አባት ነው እንደ ሐኪም? የሞከራችሁ ካላችሁ በናታችሁ።

የሰሚቱ፦
አምና ስድስት ጊዜ ገብቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ያናድዳል፣ ከወዲሁ ልንገርሽ። እኔ የሄድኩት መፍትሔ ሊነግሩኝ ነው ብዬ ነበር። ቁጭ እንዳልኩ ኮቿ «ከዚህ አንድ ሰዓት ስትወጣ ምን ይዘህ መውጣት ትፈልጋለህ?» አለችኝ። «እኔንጃ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ የምታውቂው» አልኳት። ፈገግ አለችና ዝም። ዝምታው የምር ረጅም ነበር፣ ጎረቤት ቡና ሲወቀጥ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። እኛ ሰው ዝም ሲል ያኮረፈ ነው የሚመስለን፣ እና ዝምታውን ለመሙላት ብዬ መለፍለፍ ጀመርኩ፣ በመሃል ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

አንድ ጥያቄዋ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ያኔ ሥራ ልልቀቅ አልልቀቅ እያልኩ ነበር። «ከዜሮ እስከ አስር ምን ያህል ቆርጠሃል?» አለችኝ፣ «አራት» አልኩ። ለምን አስር አልሆነም ትለኛለች ብዬ ሰበቤን ደርድሬ ስጠብቅ «ለምን ሁለት አልሆነም?» አትለኝም! እሷን ለመመለስ የምለቅበትን ምክንያት ራሴው መቁጠር ነበረብኝ። በመጨረሻ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፣ እኔ በምመኘው ሥራ ላይ ያሉ ሦስት ሰዎችን እንዳናግር። ሁለቱን አናገርኩ፣ ሦስተኛው ስልክ አላነሳም።

ብቻ አንድ ጉዳይ ይዘሽ ግቢ። ሕይወቴ በሙሉ ብለሽ ከገባሽ ሰዓቱ ሳይታወቅሽ ያልቃል።

ነቄ ነኝ፦
እህቴ ተጠንቀቂ፣ እኔ ተበልቻለሁ። ላይፍ ኮች ነኝ ያለ ሰው አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሰዓት «እችላለሁ!» እያስባለ አስጨበጨበን፣ ስንወጣ «ደረጃ ሁለት» የሚባል ክፍያ መጣ፣ ሁለት ሰው ካመጣህ ቅናሽ አለው ተባለ። ያኔ ነው የነቃሁት። ሰውዬው ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም እኮ!

ሰልጥኜበታለሁ፦
ነቄ፣ ያ ኮቺንግ ሳይሆን ሞቲቬሽን ነው፣ መጨረሻው ደግሞ ንግድ። ችግሩ በአብዛኛው ዓለም ኮች ለመባል ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ የለም፣ ማንም ተነስቶ ነኝ ሊል ይችላል። ስለዚህ የት ሰለጠንክ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን፣ አይሲኤፍ የሚባለው፣ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያውን ለማግኘት ቢያንስ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት ሰው ኮች ማድረግ ይጠይቃል፣ የላይኛው 2,500 ሰዓት ሰው ኮች ማድረግ ነው። ወረቀት ሁሉንም አይነግርሽም፣ ግን አስጨብጫቢውን ያጣራልሻል።

ባለ መቀሷ፣ ንስሐ አባትም ሐኪምም አይደለም። ሐኪሙ የኋላውን ቁስል ያያል፣ አማካሪ ይህን አድርጊ ይልሻል፣ ኮች ግን ይጠይቅሻል። ብዙውን የምታወሪው አንቺ ነሽ። ብዙዎቻችን የተማርነው አካሄድ አራት ነገር ላይ ይሽከረከራል፦ ምን ትፈልጊያለሽ፣ አሁን የት ነሽ፣ ምን ምን መንገድ አለሽ፣ የቱን መቼ ትጀምሪያለሽ። ስለ እግር ኳሱ ደግሞ፣ ቃሉ የመጣው ኮች ከምትባል የሃንጋሪ መንደር ነው፣ ሠረገላ ይሠራባት ስለነበር ሠረገላውም በስሟ ተጠራ። ሠረገላው ይወስድሻል እንጂ ወዴት እንደምትሄጂ አይመርጥልሽም።

ሌላ፣ ከፋይዋ እህትሽ ብትሆንም ተገልጋይዋ አንቺ ነሽ። የምታወሪው እሷ ጋ መድረስ የለበትም፣ መጀመሪያ ላይ ይህን በግልጽ ተነጋገሩ። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ወይም ሕግ ካስገደደ ነው ምስጢር የሚወጣው። የእሁዱ ጭንቀት ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ ምግብ የሚዘጋሽ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ጥሩ ኮች ራሱም ይልክሻል።

የሰሚቱ፦
ሰው የማይሰማሽ ቦታም ፈልጊ። እኔ አንዴ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ገብቼ ረዳቱ ምክር ሰጥቶኛል።

ባለ መቀሷ፦
ኪኪኪ ረዳቱስ ምን አለ? እናቴ ሳሎን ናት፣ መኝታ ቤት ገብቼ ኢርፎን አደርጋለሁ። ተባረኩ፣ ሐሙስ ገብቼ እነግራችኋለሁ።

ባለ መቀሷ (አርብ)፦
መጣሁ። መብራት ሁለቴ ጠፋ፣ በስልክ ጨረስነው። እህቴ ጋ ምንም እንደማይደርስ ኮቹ ራሱ ቀድሞ ነገረኝ። ከዚያ ልክ እንዳላችሁት «ምን ይዘሽ መውጣት ትፈልጊያለሽ?» አለ፣ እኔ ተዘጋጅቼ ስለነበር «ልወዳደር ወይስ አልወዳደር» አልኩት። ትንሽ አስወራኝና «ስፌቱ በወር ስንት ያስገባልሻል?» ሲል ጥሩ ነው አልኩት። «ጥሩ ስንት ነው?» አለ። ዝም አልኩ። ይህን ጊዜ እሱም ዝም አለ።

ዘጠኝ ዓመት የሰው ሂሳብ ስይዝ የኖርኩ ሰው የራሴን አንድ ቀን ይዤ አላውቅም! ክር፣ ዚፕ፣ መብራት፣ የማታው ሰዓቴ፣ ምኑም አልተጻፈም። የቤት ሥራዬ እሱ ነው፣ በሁለት ሳምንት። ትንሽ አፍሬያለሁ፣ ግን ቅር አላለኝም። ውድድሩን ገና አልወሰንኩም፣ ምዝገባው እስከ ወር መጨረሻ ነው።

አሁን ደብተር ከፍቼ ተቀምጫለሁ። መርካቶ ዚፕ በጅምላ ስንት እንደገባ የሚያውቅ አለ?