የእናቴ ጫማ ሶሉ ተላቀቀ፣ ደንስተንበራ ግንብ አጠገብ ነን፤ ወደ ክራስተር በየት ይቀርባል?

የባሕር ዳሯ
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሰሜን እንግሊዝ ነን፣ ከእናቴ ጋር ከክራስተር መንደር ተነስተን ግንቡን አልፈናል። አሁን የእናቴ ጫማ ሶሉ ከፊት እስከ ተረከዙ ድረስ ተላቀቀ። እንደ አዞ አፍ ይከፈታል። ዙሩን ጨርሰን በእርሻው በኩል ልንመለስ ነበር፤ ግን እዚያ ላሞች አሉ ይላሉ። ካርታው አልከፍት ብሏል፣ ባትሪዬም እያለቀ ነው። አጭሩ በየት በኩል ነው? አውቶቡሱ እንዳያመልጠን።

ቡና በጀበና
ለመሆኑ የት ናችሁ? ግንቡን አልፈናል ስትዪ በየት በኩል? ጫማውስ ምን ዓይነት ነው?

የባሕር ዳሯ
በቀኝ ባሕር፣ በግራ ጎልፍ ሜዳ። ጫማው የእኔ የድሮ የተራራ ጫማ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር እንጂ አዲስ ነው ማለት ይቻላል።

ሊስትሮ ነበርኩ
አይቻልም እህቴ። የእነዚህ ጫማዎች የመሃል ሶል ብዙ ጊዜ ፖሊዩሪቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፖሊዩሪቴን ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት እየወሰደ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ሳይለበስም ይበላሻል። ላዩ አምሮ ይቆይና ከዓመታት በኋላ መንገድ ስትጀምሪበት እየተፈረፈረ ይለቅሻል። በማጣበቂያ እለጥፈዋለሁ ብለሽ አትድከሚ፣ ማጣበቂያው የሚይዘው ነገር የለም። ለዛሬ ግማሹን ማሰሪያ ፍቺና በሶሉ ሥር አዙረሽ ከላይ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። ሌላኛውንም እግር እዪው፣ ዕድሜያቸው አንድ ነው።

የኒውካስል ልጅ
ማሰሪያውን በሶሉ ሥር አዙሪና እሰሪው።

ቡና በጀበና
ሊስትሮ አሁን ያለው እኮ ነው ወንድሜ።

የኒውካስል ልጅ
ረጅም ስለሆነ አላነበብኩትም ሃሃ

ታሪክ ወዳድ
እናታችሁ አረፍ ሲሉ እግረ መንገዳቸውን ዞር ብለው ግንቡን ይዩት። ያስጀመረው የላንካስተሩ ቶማስ ነው፣ በፈረንጆቹ 1313። የንጉሥ ኤድዋርድ ዳግማዊ የአጎት ልጅ ቢሆንም ከንጉሡ ጋር ሆድና ጀርባ ነበሩ። በዙሪያው ውሃ እንዲተኛ አድርጎ ግንቡ ደሴት መስሎ እንዲታይ አሰርቶታል። ብዙም ሳይኖርበት በ1322 በጦርነት ተሸንፎ አንገቱን ተቀላ። በኋላ የላንካስተር መስፍን የሆነው ጆን ኦፍ ጎንት አጠናከረው። የላንካስተርና የዮርክ ወገኖች ለእንግሊዝ ዙፋን ሲዋጉ ተከበበ፣ ከዚያ ወዲያ ፈረሰ። የቆመበት ጥቁር አለት ዊን ሲል ይባላል። ሮማውያን የሠሩት የሀድሪያን ግንብም ከፊሉ በዚሁ አለት ላይ ነው የሚሄደው...

የባሕር ዳሯ
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እኔን እያየች ነው።

አራዳ በስደት
በ1313 ከሆነ እኮ የጎንደሩን የፋሲል ግንብ በ300 ዓመት ይበልጠዋል። ግን የእኛው ቆሞ ይታያል።

እኔ አልስማማም
መጀመሪያስ ማን ዙሩን ጨርሱ አላችሁ? በመጣችሁበት ተመለሱ። ከግንቡ እስከ ክራስተር 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ሣር ነው፣ ለጥ ያለ። ሰው ጫማው ተበጥሶ አዲስ መንገድ ይጀምራል?

የአኒኩ ሾፌር
ከክራስተር እስከ ግንቡ ያለው ሣር ነው፣ ልክ ነህ። እነሱ ግን ግንቡን አልፈዋል። ከግንቡ ሥር በባሕሩ በኩል ያለው ድንጋይ ለተላቀቀ ሶል አይመችም፣ ጫፉ እየተያዘ ይጥላታል። እህቴ፣ ባሕሩን በቀኝሽ አድርገሽ ትንሽ ወደፊት ሂጂ። ጎልፍ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ግራ የሚወስድ መንገድ ታገኛላችሁ። ስትሻገሩ የሚመታ ሰው ካለ ቁሙና አሳልፉት፣ ኳሷ ቀልድ አታውቅም። ወዲያው ደንስተን ስቴድስ የሚባል እርሻ ጋ ትወጣላችሁ። እዚያ የመኪና መንገድ አለ፣ ሰው መኪናውን ዳር ዳር ላይ ያቆማል። ግንቡ ጋ መኪና አይደርስም፣ ታክሲም ሆነ ደግ ሰው የምታገኙት እዚህ ነው። ባትሪሽ ሳያልቅ አሁኑኑ ደውይ።

መኪና ከጠፋ ከእርሻው ወደ ደቡብ የሚሄደውን መንገድ ያዙ። ደንስተን ስኩዌር የሚባለው ሌላ እርሻ ጋ ስትደርሱ በግራ በኩል በር አለ። በእሱ ገብታችሁ ክራስተር ትወርዳላችሁ።

የኒውካስል ልጅ
ኤክስ 18 አውቶቡስ በክራስተርም፣ በጎረቤቱ መንደር በኤምብልተንም ያልፋል። ግን ቶሎ ቶሎ አይመጣም፣ ሰዓቱን አሁኑኑ እዪ።

እኔ አልስማማም
ላሞቹስ?

የአኒኩ ሾፌር
ጥጃ ካላቸው በእናትና በጥጃ መሃል አለመግባት ነው። ዞር ብሎ በሰፊው ማለፍ። አለመሮጥ። ውሻ ካልያዙ አብዛኛውን ጊዜ አይተው ዝም ይላሉ።

የባሕር ዳሯ
ላም የምፈራው እኔ ነኝ። እናቴማ «ሂጅ!» ብላ ታሳልፈኛለች።

አራዳ በስደት
ታዲያ ምን ችግር አለ? ነጠላዋን ቀደድ አድርገሽ ጫማውን ጠቅልይበት።

የባሕር ዳሯ
ነገርኳት። «ነጠላዬ ከሚቀደድ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ» ብላለች።

የሁለት ልጆች እናት
ማሰሪያው ብቻውን ሲሚንቶ ላይ ቶሎ ይበጠሳል። ማሰሪያውን እሰሪና ከላዩ ካልሲ አጥልቂበት፣ ጫማውን እንዳለ። ካልሲው ይቀደዳል ግን መኪና እስክታገኙ ይይዛል። እኔ በልጄ ጫማ አድርጌዋለሁ።

ሊስትሮ ነበርኩ
ይሄ ጥሩ ነው። እርጥብ ሣር ላይ ግን ያንሸራትታል፣ ክንዷን ያዣት።

አራዳ በስደት
ክራስተር ከደረሳችሁ በባሉጥ ጢስ የሚያጨሱት ሄሪንግ የሚባል ዓሣ አለ፣ ስሙ በአገሩ የታወቀ ነው። ለእማማ አቅምሻቸው።

የሁለት ልጆች እናት
ፍልሰታ እኮ ነው!

አራዳ በስደት
ዓሣ ነው እንጂ ሥጋ አላልኩም።

የሁለት ልጆች እናት
ዓሣም አይበላም። እናቷን ጠይቃት፣ ትነግርሃለች።

ታሪክ ወዳድ
በዚህ ላይ አባቶችም አንድ ዓይነት አይናገሩም፣ ባንጀምረው ይሻላል። ይልቅ ከግንቡ አጠገብ ባሕሩ ዳር ላይ የተጣጠፈ አለት አለ፣ ግሬይሜር ሮክ። አይታችሁታል?

ቡና በጀበና
ሰውዬው አሁንም ጉብኝት ላይ ነው። ባሕር ዳሯ፣ መኪና አገኛችሁ?

የኒውካስል ልጅ
ባትሪዋ አልቆ ይሆናል።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ ላቋርጣችሁ። እኔም ቅዳሜ በሕፃን ጋሪ ልሄድ አስቤ ነበር። ይሆናል? መጸዳጃስ አለ?

የአኒኩ ሾፌር
ከክራስተር እስከ ግንቡ ትልቅ ጎማ ያለው ጋሪ ይገፋል፣ በሮቹ ላይ ግን አንድ ሰው ያግዝሽ። ዙሩን በጋሪ አትሞክሪው፣ ልጁን አዝለሽው ሂጂ። መጸዳጃው ክራስተር መኪና ማቆሚያው ጋ ነው፣ ሳትነሺ ጨርሺ። ጫማሽንም ቤት ውስጥ ጎንበስ ብለሽ እጠፊውና እዪው።